«ሰነፍ» የተባለው ሰው ሒሳብ

አሶሳ ውስጥ ስለ ሌላው ሰው ስንፍና አስተያየት የሌለው ሰው አላጋጠመኝም። ወላጆቼ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። ያደግሁትም «አምባ» ተብለው በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ነው። በእኛ መንደር ሰነፍ የሚባለው የአካባቢው ነባር ነዋሪ፣ በርታው፣ ነበር። በሬ ጠምዶ አያርስም፣ በዶማ ይጭራል፣ ደስ ሲለው ወርቅ ፍለጋ ይሄዳል ይባል ነበር። በርታዎቹ ደግሞ ሰፋሪውን ቀለብ እየተሰፈረለት የሚኖር ጠባቂ ይሉት እንደነበር የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የከተማው ሠራተኛ ሁለቱንም ሰነፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ የአሶሳን ማንጎ እየበላ ሦስታችንንም ሰነፍ ብሎን ይመለሳል።

መምህር ነኝ። በክረምት መርሐ ግብር ሥነ ልቦና ስማር ከሁሉ የያዘኝ ትምህርት ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው የሚለው ነበር። መቶ ዓመት ግድም የተደከመበት ጥያቄ ነው። መልሱም አንድ አይደለም፤ ሊቃውንቱ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። እኔ ግን ንድፈ ሐሳቦቹን ባነበብሁ ቁጥር አእምሮዬ የሚሄደው መንደራችን ውስጥ ሰነፍ ወደተባሉት ሰዎች ነው።

በበሬው ልጀምር። በክልላችን ቆላማ ቦታዎች የፄፄ ዝንብ አለች፤ የምታስተላልፈው ገንዲ በሬን አክስቶ አክስቶ ይገድላል። በርታውና ጉሙዙ ለዘመናት በዶማ የቆፈሩት፣ መሬቱ ሲደክም እያሳረፉ ወደ ሌላው የዞሩት ይህን እያወቁ ነው። አባቴ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን በሬ በገንዲ ያጣ ዓመት እሱም ዶማ ይዞ ቆፈረ። ሰነፍ ያለው ግን አልነበረም። «በሬው ሞቶበት ነው» ተባለ፣ ጎረቤት አጽናናው። ዶማው ያው ዶማ ነው። የእኛ ሰው ሲይዘው ምክንያት አለው፣ ሌላው ሲይዘው ጠባዩ ነው።

ለዚህ ነገር ሥነ ልቦና ስም አውጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1967 ኤድዋርድ ጆንስና ቪክተር ሃሪስ የተባሉ አሜሪካውያን ለተማሪዎች ፊደል ካስትሮን የሚደግፉና የሚቃወሙ ጽሑፎችን አስነበቡ። የጽሑፉን አቋም የመረጠለት መምህሩ እንጂ ጸሐፊው ራሱ አይደለም ተብሎ የተነገራቸው ሳይቀሩ፣ ካስትሮን ያወደሰው ጸሐፊ በልቡም የሚደግፈው መሰላቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሊ ሮስ ይህን ዝንባሌ መሠረታዊ የፍርድ ስሕተት አለው። የሰውን ሥራ ስናይ ጠባዩ ጎልቶ ይታየናል፤ የቆመበት ሁኔታ ግን ይሰወርብናል። ሰው ለምን ይሠራል፣ ለምንስ አይሠራም ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አሁን ወደ ወርቁ። የቤንሻንጉል ወርቅ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ጦሩን በልጁ በእስማኤል መሪነት እስከ ፋዞግሊ ሲልክ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። ሀብቱ እንዳሰበው አልሆን ሲለው በ1838 ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ራሱ ተነሥቶ ወደዚያው ወረደ። አፄ ምኒልክም በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንንን ወዲህ ሲያዘምቱ ወርቁን ረስተው አልነበረም፤ የአካባቢው ሼኮች ከዚያ ወዲያ የገበሩት በወርቅ ነው። ዛሬም መንጌ፣ ኩርሙክ፣ ሸርቆሌ ብትሄዱ ወንዶች ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ሴቶች አፈሩን ወንዝ ወርደው በገበቴ ሲያጥቡ ታያላችሁ። ገበቴው ይዞራል፣ ቀላሉ አፈር ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ከሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ወርቅ ካለ የሚያብለጨልጨው እዚያ ጥቁሩ ውስጥ ነው። ከሌለም ይደፋና እንደገና ይታፈሳል።

ከመንደራችን ብዙ የማይርቁ አንዲት የበርታ እናት ነበሩ። ልጃቸው አብሮኝ ስለተማረ ቤታቸው እገባ ነበር። ተማሪ ሆኜ ለጽሑፍ ሥራ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ባዶ የሚሆንበት ቀን የለም?»

«አለ እንጂ ልጄ። ሳምንት ሙሉ ባዶ ይሆናል።»

«ታዲያ ሳምንት ሙሉ ባዶ ሲሆን ለምን አይተዉትም?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ሳምንት ባዶ ከሆነ በኋላማ እንዴት ይተዋል? ቀርቧል ማለት እኮ ነው።»

ለዚህ መልስ ማብራሪያ ያገኘሁት ከአንድ አሜሪካዊ አይጥ አሠልጣኝ ነው። ቢ.ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አይጦችን ሳጥን ውስጥ እያስገባ ዘንግ ሲጫኑ ምግብ ይጥልላቸው ነበር። የምግቡን እንክብል የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። እሱ እንደሚተርከው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀረውን እንክብል ሲቆጥር፣ የቀኑን ትራፊ ሌላ ሲያድቦለብል ካላመሸ በስተቀር እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚያደርስ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጭነት መስጠቱን ትቶ በደቂቃ አንዴ ብቻ ለመስጠት ወሰነ። አይጦቹ ግን ዘንጉን መጫናቸውን አልተዉም። ከዚህ ቁጠባ አንድ ትልቅ የምርምር ዘርፍ ወጣ። በ1957 ከቻርልስ ፈርስተር ጋር ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ርግቦች በልዩ ልዩ የሽልማት ሥርዓት ሲሠሩ ይታያሉ። ከሁሉም ባለማቋረጥ የሚሠራው፣ ሽልማቱ ሲቀር እንኳ ቶሎ የማይተወው፣ ስንተኛው ሙከራ ላይ እንደሚያገኝ የማያውቀው ርግብ ነው። ሁልጊዜ ሲያገኝ የኖረማ መቅረቱን ወዲያው ያውቀዋል። አንዳንዴ ብቻ የሚያገኘው ግን የዛሬው ባዶ ከትናንቱ ባዶ በምን እንደሚለይ ማወቂያ የለውም።

ይህ ነገር በአንጎል ውስጥም ተፈልጎ ተገኝቷል። ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ የዝንጀሮዎችን አንጎል እየለኩ ጭማቂ ሲያጠጧቸው፣ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት መጀመሪያ ጭማቂው ሲመጣ፣ ለምደው ካበቁ በኋላ ግን የመምጣቱ ምልክት ሲታይ ይነቃቁ እንደነበር ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ደግሞ በምልክቱና በጭማቂው መካከል ባለው የጥበቃ ጊዜ የሕዋሳቱ ያልተቋረጠ ንቃት ከፍ ያለው የመምጣቱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነበር። ገበቴው መዞር ሲጀምርና ጥቁሩ አሸዋ ሲቀር ያለችው ያቺ ቅጽበት ማለት ናት።

ስኪነር ግን እማማን ወንዝ የሚያወርዳቸውን አይነግረኝም። የሚነግረኝ ለምን እንደማይመለሱ ነው። ወንዝ የሚወርዱት የሐምሌና የነሐሴ ጎተራ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ከማሳው እህል እስኪደርስ ጨውና ማሽላ የሚገዛው በዚያች ብናኝ ነው። ደግሞም ብቻቸውን አይሄዱም። ከአማቻቸው ልጆች፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆነው፣ ሕፃን አዝለው፣ እየተሳሳቁ ነው የሚሄዱት። ርግቡ ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ነበር። ብዙ ንድፈ ሐሳብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰውን ለብቻው ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ያጠናና ወደ መንደር ሲወጣ ግራ ይጋባል።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። የሰፈራ መንደሮቹ በአምራቾች ማኅበር ነበር የተደራጁት። መሬቱ የጋራ፣ ትራክተሩ የመንግሥት። ጠዋት ተጠርቶ ይወጣል፣ ነጥብ ያዡ ስም እየጠራ ይመዘግባል። በዓመቱ መጨረሻ ምርቱ ተቀናንሶ የተረፈው በነጥብ ይከፋፈላል። አባቴ ሲያወራው እስከዛሬ ይስቃል። «ከፊትህ ያለው ቀስ ካለ አንተም ቀስ ትላለህ፤ ጀግናውም ሰነፉም ያው አንድ ነጥብ።» ማታ ግን ያው ሰው፣ ያው ደካማ ጉልበት፣ ከጎጆው ጀርባ ያለችው ጓሮ ላይ በጨረቃ ሲኮተኩት ይታያል። በቆሎ፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ቃሪያ ይተክላል። ካድሬዎቹ ይህን አይተው የንቃተ ኅሊና ጉድለት አሉት። በጋራ ማሳው ላይ አረም በቁመት ሲያድግ የጓሮዋ ቃሪያ እያማረባት ሄደች።

ቪክተር ቭሩም የተባለ የሥራ ሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 የጻፈውን ሳነብ አባቴን ነው ያገኘሁት። ቭሩም እንዲህ ይላል። ሰው ከመነሣቱ በፊት፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ፣ ሦስት ነገር ያሰላል። ብለፋ ይሳካልኛል? ቢሳካልኝ ድርሻዬ እጄ ይገባል? እጄ የሚገባውስ ነገር ለእኔ ምኔ ነው? ሦስቱ አይደመሩም፣ ይባዛሉ። ስለዚህ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌሎቹ ምንም ያህል ቢበዙ ውጤቱ ዜሮ ነው። የጋራ ማሳው የተበላሸው መካከለኛው ጥያቄ ላይ ነበር። አባቴ ማረስ ይችላል፤ እህልም ይፈልጋል፤ በእሱ ላብና በእሱ ከረጢት መካከል ግን ብዙ እጅ አለ።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ገበሬው ከማኅበሩ መውጣት ይችላል ተባለ። በዚያው ዓመት አሶሳ ጦርነት ገብቶባት ነበርና የእኛ አካባቢ ታሪክ ከሌላው የበለጠ የተመሰቃቀለ ነው። በአገሪቱ ግን አብዛኞቹ የአምራች ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱን ተካፈሉት፣ በሬውን ተካፈሉት፣ አንዳንድ ቦታ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሳይቀር ነቃቅለው ተካፈሉት። ከዚያ በኋላ አባቴን ለሥራ የቀሰቀሰው ሰው የለም። በአንድ ክረምት ጠባዩ ተለወጠ የሚል ካለ ያስረዳኝ።

ዜሮ የሚገባበት ሌላው መንገድ ከሁሉ ይከፋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው የዘራውን ሳያጭድ ተፈናቀለ። ቀዬው ተመልሶ መሬቱን እያየ ለመዝራት የሚያመነታ ሰው ምክር አልጎደለውም። ሥልጠና ልንሰጠው የሄድን ጊዜ የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኅዳር ላይ እዚህ እሆናለሁ ወይ?

ስለ ማስሎ ካልተናገርሁ ተማሪዎቼ ይቀየማሉ፤ ፈተና ላይ የሚወጣው እሱ ነውና። አብርሃም ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 የሰው ፍላጎት ደረጃ አለው አለ። መጀመሪያ ምግብና ውሃ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ በመጨረሻ የራስን ችሎታ ሙሉ አድርጎ ማውጣት። በየመማሪያው የሚታየውን ፒራሚድ ግን የሳለው እሱ አይደለም፤ በኋላ የመጡ የአስተዳደር አማካሪዎች ናቸው። እናቴ እንደምትለው አሶሳ በደረሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ወባው ሰው በየቀኑ ሲወስድ፣ የሚላስ የሚቀመስ በራሽን ሲታደል፣ የወሎ ሰው መጀመሪያ ያቋቋመው ቅሬ ነበር። ሙታኑ ያለ ወግ እንዳይቀበሩ ነው። ከራሽኑ ላይ ቡና ተቆጥቦ ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ደረጃ ሳይሞላ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ወጥተዋል ማለት ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ማስሎ ራሱ ቅደም ተከተሉ ግትር እንዳልሆነ ጽፏል። ፒራሚዱ ነው ግትሩ።

ገንዘብና ሽልማትስ? እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን መርጠው ከፊሎቹን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ልጆቹ ሳሉ፣ ተሸለሙ። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙ ያለ ሽልማት ሲቀርብላቸው ቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች ለመሳል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ግድም አነሰ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ኤድዋርድ ዴሲም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በትልልቅ ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቷል። በኋላ ከሪቻርድ ራያን ጋር ሆኖ ሰው ውሎ የሚያድርበት ሥራ ሦስት ነገር ይፈልጋል ወደሚል ሐሳብ አደገ። በገዛ ፈቃዱ መሥራቱን፣ የሚችለው መሆኑንና ከሰው ጋር የሚያስተሳስረው መሆኑን።

በገዛ ፈቃድ በመሥራትና በመገደድ መካከል ያለውን ልዩነት በገዛ ኪሳችን አይተነዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙ በዓመት ተከፋፍሎ እንዲቆረጥ አድርጎ ቦንድ ገዛ። እኔም ገዝቻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት። እንዲያውም ያቺን የቦንድ ወረቀት ከዲግሪዬ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ዙር ስም ዝርዝር ይዞ የመጣ አንድ አለቃ «ያልፈረመ ማን እንደሆነ እናያለን» ሲል ግን እጄ ከበደኝ። ግድቡ ያው ግድብ፣ ብሩም ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ ያስታወስሁት የመጀመሪያውን ነው፤ የሁለተኛውን ወረቀት የት እንዳደረግሁትም አላውቅ።

የአሁኑ ጭንቀቴ ግን ተማሪዎቼ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የዓለም ዋጋውም ስለናረ፣ ወርቅ በብር ሲሰላ ያልታሰበ ቦታ ደረሰ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ሰኞ ይመጣሉ፣ ማክሰኞ የሉም። ጭቃ የነካው ሞተር ሳይክል በትምህርት ቤቱ በር ሲያልፍ መምህሩም ተማሪውም ዞር ብሎ ያያል። በሰልፍ ላይ እንቆጣቸዋለን፣ ስለ ትምህርት ክብር እንሰብካለን። ሰነፎች እንላቸዋለን። አዎ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ድንጋይ የሚቆፍረውን ልጅ ሰነፍ!

የቭሩምን ሦስት ጥያቄዎች ወስጄ የእነሱን ሒሳብ ሞከርሁት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል፤ መሻሻል ነው። ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚያየው ልጅ ግን ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ሲወድቁ ነው የሚያየው። ጉድጓዱ ደግሞ ቢያንስ በየሳምንቱ ለአንዱ ጓደኛው ይሰጣል። ልጁ አስልቷል፤ በተሰጠው ቁጥር ስሌቱ ልክ ነው። ስብከት ቁጥር አይለውጥም።

ምን ይለውጣል ለሚለው ከአገራችን አንድ ጥሩ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ለገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አሳዩ። ታሪካቸው የሚታየው እንደነሱው ያሉ፣ ከድህነት ተነሥተው በጥረታቸው የተሻለ ኑሮ የያዙ የገጠር ሰዎች ናቸው። ለማነጻጸር የተመረጡት ሌሎች ገበሬዎች የተለመደ የቴሌቪዥን መዝናኛ አዩ። ማንም ገንዘብ አልተሰጠውም። ከስድስት ወር በኋላ ዘጋቢ ፊልሙን ያዩት ቤተሰቦች ቁጠባቸው ጨመረ፣ ልጆቻቸውንም ይበልጥ ወደ ትምህርት ቤት ላኩ። አንድ ሰዓት የፈጀ ፊልም ያን ያህል መሥራቱ ራሴንም አስደንቆኛል። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሲል የነበረው ይህንኑ ነው። «እችላለሁ» የሚለው እምነት አንድም ራስ ሠርቶ ከማየት፣ አንድም የሚመስለንን ሰው ሲሠራ ከማየት ይመጣል። ጉዳዩ ያለው «የሚመስለን» ከሚለው ላይ ነው። ልጆቻችን ግድግዳ ላይ የአንስታይንን ፎቶ ያያሉ። አንስታይን መንጌ አልተወለደም።

ፊልም መሥሪያ ስለሌለን ሰው ጠራን። ከመንጌ ወገን የሆነች፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተምራ አሁን ነርስ የሆነች የበርታ ልጅ መጥታ አናገረቻቸው። እኛ ስለ ጽናትና ስለ ዓላማ ትናገራለች ብለን ጠብቀን ነበር። ልጆቹ ግን የጠየቋት ለፈተና ግቢ ሲገባ ፍራሽ ይሰጥ እንደሆነ፣ ሒሳብ ከማን ጋር እንዳጠናች፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀች ነው። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ ደመወዟን ጠየቃት። ሳትደብቅ ነገረችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ለምን ወርቁን ተውሽው?» አላት።

«መቼ ተውኩት?» አለች። «ደብተር የገዛሁት በሱ ነው። አሁንም እረፍት ስወጣ ከእናቴ ጋር እወርዳለሁ።»

ርዕሰ መምህራችን ፊታቸው ተለወጠ፤ በዕቅዳችን ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም። ልጁ ግን ገና አልተቀመጠም ነበር። ፈረቃዋ እንዴት እንደሆነና ነርስ ለመሆን የሚያስፈልገውን ነጥብ ይጠይቃት ጀመር።